የእህቴ ትርፍ ፊደል

ከደብረ ብርሃን አንኮበር አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ ከምሳ በፊት መድረስ ይቻላል። እኔ ግን እናቴና እህቴ እዚያ እያሉ ያን መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የምሄደው፤ ለገናና ለፋሲካ። ሄጄም ከአንድ ሌሊት በላይ አላድርም። እናቴ «ምነው ልጄ፣ እንግዳ ሆንክብን እኮ» ስትለኝ «ሥራ ነው እማዬ» እላታለሁ። ሥራ አልነበረም። ምን እንደነበረ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ስሜ ደጀኔ ነው። ይህ በሆነ ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ጠባሴ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ሁለተኛ ወንበር ገዝቼ አላውቅም፤ የሚቀመጥበት ሰው አልነበረማ። ባልደረቦቼ ሲያገቡ ሠርጋቸው ላይ እገኛለሁ፣ ሲወልዱ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልል እሄዳለሁ። ሕፃኑን ያዘው ሲሉኝ ግን «ጉንፋን ይዞኛል» ብዬ ወደ በሩ እጠጋለሁ። አንዳንዱ ልጅ አይወድም ይለኛል፤ ሌላው ኩሩ ነው ይላል። አላስተባበልኩም።

የማጠናው ነገር ለብዙ ሰው የሚጥም አይደለም። በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይገባችሁምና። በእያንዳንዷ ሕዋሳችን ውስጥ በአራት ዓይነት ፊደል ከተጻፈው ዲ ኤን ኤ እየተቀዳ የሚወጣ መልእክት አለ። መልእክቱ እንዳለ ሥራ ላይ አይውልም። መሀል መሀሉ ላይ የማያስፈልግ ክፍል አለበት፤ እሱ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ይጋጠማል። ይህን ከሚቆርጡትና ከሚገጥሙት መካከል የኑክለስ ትናንሽ አር ኤን ኤ የሚባሉ አሉ። አንዱ ዩ-ፎር ይባላል፤ ርዝመቱ መቶ አርባ ምናምን ፊደል ብቻ ነው። የእኔ ሥራ ዩ-ፎር የሚቀዳበትን ጂን ፊደላት ከሰው፣ ከበግ፣ ከዶሮ፣ ከዓሣ፣ ከእርሾ ሳይቀር ወስዶ ጎን ለጎን መደርደርና የቱ እንደተለወጠ፣ የቱ ሳይለወጥ እንደቀረ ማየት ነው።

በረጅም ዘመን ውስጥ የዚህ ጂን ብዙ ቅጂዎች በዲ ኤን ኤያችን ውስጥ ተበትነዋል። አብዛኞቹ ሙት ናቸው። ሥራ ስለሌላቸው ፊደላቸው እንዳሻው ይለዋወጣል። በሚሠሩት ጥቂቶቹ ላይ ግን ወደ መሀላቸው አንዲት አጭር ቦታ አለች፤ ከሰው እስከ ዓሣ ንቅንቅ አትልም። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ «ፊደል ያልተለወጠበት ቦታ ምን ይነግረናል?» እላቸዋለሁ። ከዚያ ራሴ እመልሳለሁ። «ስህተት አልተፈጠረም ማለት አይደለም። ስህተቱ የደረሰባቸው አልቆዩም ማለት ነው።»

እህቴን አስካለን በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ። አትናገርም። ቆማ መሄድ የጀመረችው አምስት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፤ አሁንም ስትራመድ ግድግዳ እየዳበሰች ነው። አንዳንዴ ያንቀጠቅጣትና ይጥላታል። እናቴ ናት የምታጎርሳት፣ የምታጥባት፣ ፀጉሯን የምትሠራት። ጠበል ለጠበል ዞራለች። አሥር ዓመት ሲሆነኝ አባቴና እናቴ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ሲወስዷት አብሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ መረመራትና «ስትወለድ ታፍና ይሆናል፤ ወይም ሕፃን ሆና በጭንቅላቷ ወድቃ ይሆናል። ወድቃ ታውቃለች?» አለ።

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ «ኧረ ልጄ አልወደቀችም» አለች።

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ምንም አልተናገርኩም።

ወድቃ ነበር። አራት ወሯ ሳለ እናቴ ምንጭ ስትወርድ «እህትህን ጠብቅ» ብላኝ ሄደች። አስካለ አለቀሰች። እናቴ ስታዝላት እንደምትተኛ አውቃለሁና በነጠላ አዘልኳት። ቋጠሮዬ ግን የልጅ ቋጠሮ ነው። ከጓሯችን ያለውን የድንጋይ ካብ ስዘል ከጀርባዬ ተንሸራተተችና በጭንቅላቷ ወደቀች። ጥቂት አልቅሳ ዝም አለች። አፈሩን አራግፌ መደብ ላይ አስተኛኋት። እናቴ ስትመለስ «ተኝታለች» አልኳት። እውነትም ተኝታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዬ በሙሉ ያን ካብ ስዘል የኖርኩ ያህል ነው። እኩዮቿ ሲድሁ አስካለ አልዳኸችም። እኩዮቿ «እማ» ሲሉ አላለችም። እኔ ብቻ ምክንያቱን አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። ትምህርቴን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ከቤት ራቅሁ። አባቴ ከስድስት ዓመት በፊት ሲያርፍ ቀብር ላይ ቆሜ እንኳ የማስበው ያንኑ ነበር፤ ሳልነግረው ሄደ እያልኩ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልመለስ። አዲስ አበባ አብራኝ የተማረች ሰላማዊት የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ አሁን ውጭ አገር በአንድ የዘረመል ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ደወለችልኝና «ደጀኔ፣ ያንተ ጂን እኮ ሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጣ ታወቀ» አለችኝ። ከሚሠሩት የዩ-ፎር ቅጂዎች በአንዱ፣ በዚያችው በማትነቃነቀው ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ስትጨመር ልጁ ዘግይቶ እንደሚሄድ፣ ብዙ ጊዜ እንደማይናገር፣ እንደሚያንቀጠቅጠው ነገረችኝ። የምልክቶቹን ዝርዝር ላከችልኝ። ሳነበው አስካለን አንድ ሰው ቤታችን ገብቶ አይቷት የጻፋት መሰለኝ። ለዓመታት ያንን ጂን በበግና በዶሮ ላይ ስፈልግ፣ ከእህቴ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። ምን ብዬ አያይዘዋለሁ? የእሷን ምክንያት አውቀዋለሁ ብያለሁ።

ለገና ስሄድ እናቴ ራሷ የተቀበለችውን የአስካለንና የእሷን ምራቅ በትናንሽ ብልቃጦች ይዤ ተመለስኩ። እናቴ «ለምን ይሆናል?» ስትለኝ «ለምርመራ ነው» አልኳት። «ይድናል?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ ፈቃዷን የሚገልጸው ወረቀት ላይ ፈረመች። ሰላማዊት ከሚመለከታቸው ፈቃድ አግኝታ ሥራውን ጀመረች። ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት ሁለት ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ፊደሏ ከተገኘች እኔ አይደለሁም። ባዶ ከመጣ ግን የጣልኳት እኔ ነኝ፤ ሌላ ምክንያት አልቀረልኝም።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ።

«ላክሁልህ» አለች ሰላማዊት።

«ምን ይላል?»

«አንተ ራስህ እየው። ከእኔ በላይ የምታውቀው ጂን ነው። አይተኸው ደውልልኝ።»

ከድምፅዋ ምንም ማወቅ አልቻልኩም። የስልክ ኢንተርኔት በዚያ ሰሞን አይሠራም ነበር፤ መልእክቱን የማገኘው ቢሮ ካለው መስመር ነው። ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ደግሞ ክፍል አለኝ። ገብቼ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ይህን ባለፈው ሳምንት ተምረነዋል» ማለቷን ብቻ አስታውሳለሁ።

ቢሮ ስደርስ ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል። በሩን ዘጋሁ። ኮምፒዩተሩን ከፍቼ መልእክቱን አየሁት፤ ከሥሩ የተያያዘ ፋይል አለ። አልከፈትኩትም። ተነሥቼ በመስኮት አየሁ። ነፋሱ ባሕር ዛፎቹን ያጎነብሳቸዋል፤ አንድ ሰውዬ ጋቢውን አፉ ድረስ ተከናንቦ በግቢው ያቋርጣል። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እጄ ስለቀዘቀዘ ጉልበቴ መሀል አደረግሁት። ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁትን ነገር አሥር ደቂቃ ባቆየው ምን አለበት አልኩ። የፈራሁት ግን ባዶውን ነበር።

ከዚያ ከፈትኩት።

ፊደላቱ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ከላይ የጤነኛ ሰው፣ ከታች የአስካለ። ያን ጂን በቃሌ ነው የማውቀው፤ አንዳንዱ ሰው ዳዊት እንደሚደግም። ጣቴን ማያው ላይ አድርጌ ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀመርኩ። አሥር። ሃያ። ሠላሳ። ሁለቱ ረድፎች አንድ ናቸው። አርባ። ሃምሳ። አሁንም አንድ ናቸው። ስልሳን አለፍኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ከታች ባለው ረድፍ ውስጥ ከላይ የሌለች፣ «ቲ» የምትባል አንዲት ፊደል ገብታለች።

ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠርኩ። ሦስተኛም ቆጠርኩ። እዚያው ናት። ሰሌዳ ላይ ጽፌ «እዚህ የተለወጡት አልቆዩም» እያልኩ በማስተምርበት ቦታ ላይ። እህቴ ግን ሠላሳ ዓመት ኖራለች።

ሰላማዊትን ደወልኩላት።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«እናትህ ላይ የለም፤ ሁለት ጊዜ ፈትሸናል። አባትህን ማየት አልቻልንም፤ ግን ይህ ያለበት ሰው እንደ እሳቸው ተቀምጦ ብራና ላይ መጽሐፍ አይገለብጥም ነበር። አዲስ የተፈጠረ ነው።»

«ሰላም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሕፃን ሆና በጭንቅላቷ ብትወድቅ...»

«ምን?»

«ብትወድቅ ይህ ይመጣል?»

መልሱን ከእሷ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ የለኝም። እሷም ይህን አውቃለች።

«ደጀኔ፣ ይህ የተፈጠረው ከመወለዷ በፊት ነው። ስትፀነስ አብሯት የነበረ ነው። መውደቅ አያመጣውም» አለችኝ በቀስታ። ቀጥላም «ብቻህን ነህ?» አለች።

«አዎ።»

«ብቻህን አትሁን። ሰው ጋ ሂድ።»

ስልኩን ስዘጋው ወደ ማን እንደምሄድ ማሰብ ጀመርኩ። በስልኬ ውስጥ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አየሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ላብራቶሪ ቴክኒሽያኑ፣ ያከራየችኝ ሴትዮ፣ የልብስ ሰፊው። ለአንዳቸውም «እህቴን የጎዳኋት እኔ አይደለሁም» ብሎ መደወል አይቻልም። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ጥፋት ለሠላሳ ዓመት አብሮኝ የኖረ ብቸኛ ጓደኛዬ ነበር፤ እሱም ሄደና ቢሮው ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላውን ከቢሮው እስከ ጠባሴ በእግሬ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። አንድ ሰውም አላናገረኝም።

በማግስቱ ዓርብ ማለዳ መናኸሪያ ወረድኩ። መኪናው ውስጥ ስድስት ሆነን ብዙ ጠበቅን። ሾፌሩ «መንገዱ ትናንት ተዘግቶ ነበር፤ ዛሬ ተከፍቷል ይላሉ። ስንደርስ እናየዋለን» አለ። አንዲት ሴትዮ ወረደች። እኔ አልወረድኩም። አንኮበር ስንቃረብ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ መንገዱን ሸፈነው፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳል። ምን ብዬ እንደምነግራት አስባለሁ። ፊደሏን ብቻ ነግሬያት ልመለስ እችላለሁ። ያም ምሥራች ነው። የካቡን ነገር ባልነግራት ማን ይጠይቀኛል? እስከምወርድ ድረስ አልወሰንኩም።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች። አስካለ ግድግዳውን ተደግፋ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ያለውን ያልተፈተለ ሱፍ በጣቶቿ ትነካካለች። እናቴ ስታየኝ ደነገጠች።

«ምን ሆነሃል? በዓል አይደለ፤ ታመሃል?»

«ደኅና ነኝ እማዬ። የምራቁ ውጤት መጣ።»

በእጇ አጠገቧ ያለችውን በርጩማ አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። እንዝርቷን አላስቀመጠችም፤ ግን አታሾረውም።

«ተናገር።»

«ሰው ሲፀነስ ከእናትና ከአባቱ የሚወርስ ጽሑፍ አለ። ሰውነታችን እሱን እያየ ነው የሚሠራው። ከአባባ መጻሕፍት ሁሉ ይረዝማል። አስካለ ስትፀነስ ያ ጽሑፍ ሲገለበጥ አንዲት ፊደል በስህተት ተጨመረች።»

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር፤ ዕድሜውን የጨረሰው ብራና ላይ መጻሕፍት ሲገለብጥ ነው። እናቴ ለሚገለብጥ ሰው ስህተት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

«አንዲት ፊደል?»

«አንዲት።»

«በአንዲት ፊደል ነው ልጄ እንዲህ የሆነችው?»

«ቦታው ነው እማዬ። ሌላ ቦታ ብትገባ ምንም ላይሆን ይችል ነበር። ይህ ቦታ በበጉም፣ በዶሮውም አይነካም።»

አስካለን አየቻት። አስካለ ሱፉን ወደ አፏ ስታስጠጋ እናቴ ሳታስብ እጇን መለሰችላት።

«አባትህ ሲሳሳት በካራ ይፍቀው ነበር» አለች። «ይሄስ አይፋቅም?»

«አይፋቅም።»

ራሷን ነቀነቀች። ይህን ጊዜ ነው ተነሥቼ መሄድ የምችለው። መኪናው ሳይመለስ ልድረስበት ብል ያምርብኛል። እግሬም ሊነሣ ፈልጎ ነበር።

«እማዬ» አልኩ። «አስካለን ጥያት ነበር።»

«መቼ?»

«ሕፃን ሆና። አንቺ ምንጭ ወርደሽ ሳለ። አዝያት ካቡን ስዘል ወደቀች፤ በጭንቅላቷ ነው የወደቀችው። ተኝታለች አልኩሽ። ሐኪሙ ሲጠይቅም ሰምቻለሁ፤ ዝም አልኩ። እስከ ትናንት ድረስ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት ብዬ አስብ ነበር። ለዚህ ነው የማልመጣው።»

ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ እግሮቿን ነበር የማየው። ጫማዋ አጠገብ እንዝርቱ ተቀመጠ።

«ስንት ዓመትህ ነበር?» አለች።

«ስምንት።»

«ስምንት ዓመትህ ነበር» አለች፤ መልሳ ለራሷ። ከዚያ በርጩማዬን ወደ እሷ ሳበችው፤ እኔ ተቀምጬበት። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላኝን ሰውዬ ጭንቅላቴን ይዛ ጉልበቷ ላይ አስደገፈችኝ። አላለቀሰችም። እጇ ሱፍ ሱፍ ይሸታል። «እኔን ይድፋኝ» አለች። «እኔ እኮ ሥራ እየመሰለኝ። ንቆን ነው እያልኩ። ከተማ ሲገባ አፈረብን እያልኩ።»

ብዙ ቆየን። ቀና ስል ወደ ገደሉ፣ ወደ ጉሙ ታያለች። እኔን ሳታይ ጠየቀችኝ።

«ኮሶስ?»

«የምን ኮሶ?»

«ኮሶ ያደርገዋል?»

አልገባኝም። ቀጠለች።

«ሆዴን ሲያስቸግረኝ ኮሶ ጠጣሁ። መፀነሴን አላወቅሁም ነበር። ሳምንት ሙሉ ታምሜ ተነሣሁ። ማርገዜን ሳውቅ ፈራሁ፤ ለአባትህም አልነገርኩት። እሷ ስትወለድ ደኅና መሰለችኝ። በኋላ ሳያት፣ አንገቷ አልጠና ሲል፣ እኔ ነኝ አልኩ። ለንስሐ አባቴ ብቻ ተናገርኩ።»

«ምን አሉሽ?»

«ስገጂ አሉኝ።»

ልጅ ሆኜ በየማለዳው የምነቃው እናቴ ስትሰግድ ጉልበቷ መሬቱን ሲመታ እየሰማሁ ነው። ጸሎተኛ ናት እላለሁ፤ ሰፈሩም እንዲያው ይላታል።

«ቀኖናው ካለቀ ቆይቷል» አለች። «እኔ ነኝ ያላቆምኩት።»

«ኮሶ ይህን ፊደል አይጨምርም እማዬ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ታዲያ ከማን ነው? ከእኔ ነው ከአባትህ?»

ይህን እንዳትጠይቀኝ ነበር የፈራሁት። እንዲህ ያለው ትርፍ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከእናት በመጣው ቅጂ ላይ ነው። በአስካለ ላይ የቱ እንደሆነ ገና አልታወቀም። «አይታወቅም» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንም። ግን ያን ዕለት ሌላ ነገር ደብቄ ከዚያ በረንዳ መነሣት አልፈለግሁም።

«አልታወቀም። ብዙ ጊዜ ግን በእናት በኩል በሚመጣው ላይ ነው። ካንቺ ቢሆንም አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም። ልታስቀሪው የምትችይውም ነገር አልነበረም። ዓይንሽ ጥቁር የሆነው ፈልገሽ ነው?»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እውነቱን ነው የምትነግረኝ?»

«ልዋሽሽ ብል ኖሮ በአባባ አሳብብ ነበር።»

ያን ጊዜ ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት። አስካለም ስትስቅ ሰምታ ሳቀች፤ ሁልጊዜም ሰው ሲስቅ አብራ ትስቃለች። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆየችና ተነሣች። ከጓዳ በሳህን ቅንጬ ይዛ ወጣችና ለእኔ ሰጠችኝ።

«አጉርሳት» አለችኝ።

አስካለን ከጣልኳት ቀን ወዲህ ነክቻት አላውቅም። ለበዓል ስመጣ ከሩቅ ሰላም እላታለሁ እንጂ እጇን እንኳ አልይዝም። ማንኪያውን ያዝኩ። አስካለ እኔን ሳይሆን ማንኪያውን ነው የምታየው። አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ብዙ አድርጌ ሰጠኋትና አገጯ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ከኋላዬ «ትንሽ ትንሽ። ስትውጥ ጠብቃት» አለች። ጠበቅኋት። ዋጠችና እንደገና አፏን ከፈተች። ሳህኑ እስኪያልቅ አጎረስኳት። ስጨርስ አውራ ጣቴን ይዛ አልለቅ አለች፤ እኔም አልሳብኩትም። መኪናው አመለጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ውጤቱ አስካለን አላዳናትም፤ አሁንም አትናገርም። የተለወጠ ነገር ቢኖር፣ ሐኪሟ ምን እንደያዛት ስላወቀ ለሚጥላት ሕመም የምትወስደውን መድኃኒት አስተካክሎላታል፤ መውደቋ ቀንሷል። እኔ መንገዱ ክፍት በሆነ ቅዳሜ ሁሉ እሄዳለሁ። እናቴ ገላዋን ስታጥባት ውኃ አቀርባለሁ፤ እናቴ እንድታርፍም አንዳንዴ አስካለን እኔ ጋ አመጣታለሁ። ተማሪዎቼን ስለዚያች ቦታ ሳስተምር «አልቆዩም» አልልም። «ከቆዩት አንዷን አውቃታለሁ» እላለሁ። እናቴ መስገዷን አላቆመችም። ስለምን እንደምትሰግድ አንድ ቀን ጠየቅኋት፤ «አሁንማ ለምስጋና ነው» አለችኝ። እውነቷን ይሁን እኔን ለማስደሰት አላውቅም።

ብቸኝነቴ በአንድ ቀን አልለቀቀኝም፤ ለቆኛል ብላችሁም አትመኑ። ሰው ከሰው ተለይቶ መኖር ይለምዳል፤ ልማዱን መተውም ጊዜ ይፈልጋል። ግን ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በቤታችሁ ውስጥ በጤናው ያልተፈጠረ ልጅ ካለ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ምክንያቱን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው የሚል ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሁለትም ሊሆኑ ይችላሉ። ምርመራ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ተነጋገሩ። የእኛዋ ፊደል ባትገኝ ኖሮ እናቴ በኮሶዋ፣ እኔ በካቤ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሞት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ቤተ ክርስቲያን ሸኝቼ ስንመለስ አባቴ መቃብር አጠገብ ቆመች። አስካለን በአንድ ወገን እሷ፣ በአንድ ወገን እኔ ደግፈናታል። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። ማታ ማታ ብዕሩን አስቀምጦ አስካለን ትክ ብሎ ሲያያት አስታውሳለሁ፤ ምን እያሰበ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እናቴም ያንኑ ያስታወሰች መሰለኝ።

«እሱስ» አለች፣ «ምን አደረግሁ ብሎ ይሆን የሞተው?»

ሁለታችንም አናውቅም። ትንሽ ቆመን፣ አስካለ እንዳይበርዳት ወደ ቤት ገባን።